«ደቻቱ አርግዛለች»

ስለ ሰገል ዋርሳን ልጽፍ ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገቤ ተቀምጣ ጆንያ የምትሰፋ ሴት ናት። ፊልም ላይ ከወጣች ወዲህ አወቅኳት የሚል ሰው በዝቷል። እኔ ግን ፊልሙ የተናገረላትን ሳስበው ይቀፈኛል። ጎረቤቷም የሥራ ጓደኛዋም ስለሆንኩ የማውቀውን ላስቀምጥ። ስሜ ትርንጎ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ እጄ መርፌ እንጂ ብዕር አለመደም። እዚህ ውስጥ የተሳሳተ ቃል ካለ፣ ሰገል ያለችው ሳይሆን እኔ የጻፍኩት ነው የተሳሳተው።

መጀመሪያ ስለ ሽታው ልንገራችሁ። ያለ ሽታው የሰገል ነገር አይገባም።

ሰፈራችን መጋላ የደቻቱን ወንዝ ተጠግቶ ነው ያለው። ወንዝ ይባላል እንጂ ዝናብ ካልመጣ አሸዋ ነው። የሰገል ቤት የመጨረሻው ነው፣ ከሱ ወዲያ አሸዋ ብቻ። ከቤቷ ከፍ ብሎ የዐብዲገኒ ቆዳ መጋዘን አለ። የበግ፣ የፍየል፣ የከብት ቆዳ ከየቦታው ይመጣና እዚያ በጨው ታሽቶ ይከመራል። ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ቦይ ይወጣል፣ በሰገል በር ፊት ያልፍና አሸዋው ላይ ይተኛል። በቦዩ የሚወርደውን ምን ልበለው? ደም እንዳልለው ደም አይደለም። ሞራ አለበት፣ ፀጉር አለበት፣ የጨው ውሃ አለበት። ላዩ ላይ ቢጫ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ውስጥ ነጫጭ ትል ይላወሳል። የድሬ ፀሐይ ሲያፈላው ሽታው በአፍንጫ ብቻ አይገባም፤ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ሻይ ጠጥተሽ ምራቅሽ ሞራ ሞራ ይላል። ልብስ አጥበሽ ብታሰጪ ሲደርቅ ሽታውን ይዞ ይደርቃል። ዝንቡማ የቤት ሰው ነው፣ ሰሐኑ ላይ ቀድሞሽ ይቀመጣል።

ሰው ሽታ ይለምዳል። ከሽታው ይልቅ የሚያስጠላኝ እሱ ነው።

ሰገል ሁልጊዜ ጆንያ ሰፊ አልነበረችም። አባቷ ዋርሳን ጋሪ ነጂ ነበር፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ከበሮ ነው የምትወደው። የሶማሌ ሴቶች ሰርግ ቤት ለብቻቸው ተሰብስበው የሚያዜሙት ግጥም አለ፣ ቡራምቡር ይሉታል። አንዷ ግጥሙን እያወጣች ትላለች፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። መጋላ ውስጥ አውጪዋ ሰገል ነበረች። አፏ ክፉ ነው። የሚያገባ ሁሉ ይፈራታል፤ ካልጠራት ደግሞ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሶማሌኛ የተማርኩት ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ስኖር ነው። ከኋላ ቆሜ አጨበጭብ ነበር። ከፊት መቆም አልወድም።

ዐብዲገኒ መጋዘኑን በከፈተ ሰሞን አገባ። ሰገልን ጠራት። ሽታው ገና አዲስ ነበር፣ ሰው አለመደውም፤ ሴቱ ሁሉ ያጉረመርማል። ሙሽራው ሽቶ ተቀብቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ በበሩ ሲያልፍ ሰገል ከበሮውን አነሳችና እንዲህ አለች፤ በአማርኛ ልመልሰው፦

ሙሽራው ሽቶ ተቀባ፣ ከማን ሊደበቅ ነው?
ቆዳው በጨው ተቀባ፣ እሱስ ከማን ሊሸሽ ነው?
ደቻቱ ኡር ባይ ሌደሃይ!

የመጨረሻው ሶማሌኛ ነው። ኡር ሽታ ማለት ነው። ደቻቱ ሽታ አላት፣ ትገማለች፣ ማለቷ ነው። እኛ ተቀባዮቹ ሻሻችንን አፍንጫችን ላይ ይዘን «ደቻቱ ኡር ባይ ሌደሃይ» እያልን ተቀበልን። ሴቱ በሳቅ ወደቀ። ሙሽሪት ራሷ በመጋረጃዋ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ይታይ ነበር። የዐብዲገኒ እናት ከበሮውን ከሰገል እጅ ነጥቀው ደጅ ወረወሩት። ይህን ሁሉ አንድ የሙሽሪት ዘመድ በካሴት ይቀዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በዘፈኑ ሰልፍ ወጡ፣ የቀበሌ ቢሮ ደጅ ሄደው ዘፈኑ። «እናያለን» ተባሉ። ሽማግሌ ተላከባቸው፤ «የሰው ሰርግ ያበላሸች ሴት» ተባለች ሰገል። ሰርግ የሚጠራት ጠፋ። ባሏ ዒልሚ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበር፣ በመኪና አደጋ ሞተ። ያጨበጨብነው ሴቶች ግማሻችን አረጀን፣ ግማሻችን ሰፈር ለቀቅን። ሰገል ከበሮዋን ምስማር ላይ ሰቅላ ከእኔ ጋር ቀፊራ ጆንያ መስፋት ጀመረች። የተቀደደ ገዝተን፣ አጥበን፣ ጠግነን እንሸጣለን። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ የሚፈራ ሁሉ አሸዋ ሞልቶ በሩ ላይ ለመደርደር ይገዛናል። እሷ ስትሰፋ ታሾፍብኛለች።

«አባዮ ትርንጎ፣ ስምሽ ባይኖር በዚህ ሰፈር ደህና የሚሸተን ነገር ምን ነበር?»

አባዮ እህቴ ማለት ነው። እንዲህ እየተባባልን ኖርን። ሽታውም አብሮን ኖረ።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ።

ሰገል አንድ ልጅ ነው ያላት፣ ዓሻ። ከከተማ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ነው ያገባችው። ዘንድሮ የመጀመሪያዋን አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ሴት ልጅ አርባ ቀኗን የምትተኛው እናቷ ጋ ነው። ሰገል ቤቷን ኖራ አስቀባች፣ አዲስ ፍራሽ ሰፋች። ዓሻ ሆዷ ገፍቶ መጣች። ከባጃጅ ስትወርድ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ፣ ቦዩን አየችው። ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እዚያው ግድግዳው ላይ ትውከት ያዛት፤ አንጀቷ እስኪወጣ። ገብታ ለመተኛት ሞከረች። ሌላ ሰው የለመደው ሽታ እሷን በር ዘግታም፣ መስኮት ዘግታም ያስመልሳታል።

«ሆዮ» አለች እናቷን እያለቀሰች። «እዚህ አልወልድም። ልጄ መጀመሪያ የሚያሸተው ይሄ ይሁን?»

«የት ልትወልጂ ነው ታዲያ?»

«አማቴ ጋ።»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ሰው ምን ይለኛል? ወላሂ እናቷ በሕይወት እያለች አማቷ አረሰቻት ይባላል!»

ዓሻን እንደገና አስመለሳት። በመጣችበት ባጃጅ ተመለሰች። ሰገል በሩ ላይ ቆማ ቦዩን አየችው፣ አየችውና ተፋችበት። «ኡር ያላት ልጅ ኡር አልቻለችም» አለች። ያኔ ቃሉን ልብ አላልኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰገል አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ዓሻ ከመውለዷ በፊት ያ ቀዳዳ እንዲዘጋ።

በዚሁ መካከል ነው ዐብዲፈታሕ ካሜራውን ተሸክሞ ቀፊራ የመጣው። የመጋላ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ቆይቶ ስለ ድሬ የድሮ ዘፈን ፊልም ይሠራል። የዚያን ሰርግ ካሴት ከሙሽሪት ዘመድ ቤት አግኝቶታል።

«ኤዶ ሰገል አንቺ ነሽ?» አላት እጇን እየሳመ። ኤዶ አክስቴ ማለት ነው። «ድምፅሽን ስሰማ ፀጉሬ ነው የቆመው!»

«ፀጉርህ ይቁም፣ አንተ ግን ተቀመጥ። ስለ ቦዩ ልንገርህ።»

«እሱን በኋላ። አሁን ስለ ድሮ ፍቅር ንገሪኝ። ድሬ እንዴት ተዋዳ ትኖር እንደነበር።»

«ተዋደን ነው የገማነው አቦ! ቦዩን ቅዳልኝ።»

ሳቀ። ቦዩ ጋ ሄዶም ቀረጸ። ሰገል ድምፅዋ እስኪዘጋ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ዓሻ፣ ስለ ትሉ ነገረችው። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ሲሰማ የሚያየው ፊቷን ሳይሆን በካሜራው መስታወት ውስጥ ያለውን ፊቷን ነበር።

ፊልሙ የታየው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። ሰገልና እኔ ተጠርተን ሄድን፣ እኔ ከግድግዳ ጥግ ይሻለኛል ብል ሰገል ጎትታ መሐል አስቀመጠችኝ። ከፊት ረድፍ የክብር እንግዶች አሉ። ከነሱ መሐል ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ዐብዲገኒ።

ፊልሙ ያምራል፣ ልዋሽ አልችልም። የድሮ ሙዚቀኞች፣ የድሮ ጥላማ መንገድ፣ የሞቱ ሰዎች ሲስቁ። ሰው አለቀሰ። መጨረሻ ላይ የሰገል ድምፅ መጣ። ካሴቱ አርጅቶ ስለነበር ድምፁ ይጎተታል፣ እንደ ከረሜላ ይለጠጣል። «ደቻቱ ኡ——ር ባይ ሌደሃይ።» ምስሉ ላይ የሚታየው የሰገል እጅ ነው፣ ጆንያ ስትሰፋ። ስለ ቦዩ የተናገረችው አንዲት ቃል የለችበትም። ከሥር በአማርኛ ጽሑፍ ያልፋል። ሰገል አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። በክርኗ ነካችኝ።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ቆይ።» የኔ ንባብ ፊደል በፊደል ነው፤ የኋለኛው ላይ ስደርስ የፊተኛው ይጠፋብኛል። «ደ… ቻ… ቱ…» ጽሑፉ ሄደ።

«ደቻቱ ይላል።»

«ይላል ነዋ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሮጠ።»

አዝማቹ ተመልሶ መጣ። ከጀርባው ጀመርኩ። «ለ… ች» ብቻ አገኘሁ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ መሐሉን ያዝኩ፣ «አርግ» የሚል መሰለኝ። የማይሆን ነገር ስለሆነ እኔ ነኝ ያላነበብኩት ብዬ ዝም አልኩ።

«ዐብዲገኒ ያለቅሳል እንዴ?» አለች ሰገል ወደ ፊት እያየች።

«ዓይኑን ይጠርጋል።»

«ላብ ነው። እሱ ሰርጉ ላይ የተባለውን አይረሳም።»

ሲያበቃ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ከአዳራሹ የወጣው ወጣት ዘፈኑን እየዘፈነ ነው የወጣው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ድሬ ሌላ ሆነች። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ስብሰባ ሲባል ይሸሽ የነበረ ልጅ አሸዋው ላይ ተሰብስቦ ስለ ውሃ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ወንዙ ይከራከራል። ለሹም ጥያቄ ይጠይቃል። «የደቻቱ ልጆች» ብለው ማኅበር አቋቋሙ። ሰብሳቢያቸው ኑርሀን የምትባል የሐረሪ ልጅ ናት፣ አስተማሪ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁሉን ሰው በስሙ የምትጠራ።

ግን ደስታዬ አልበረከተም። የጽዳት ዘመቻ ብለው መጡ፤ ካኔቴራ ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው። ከጠረጉት ፎቶ የተነሱት ይበዛል። አንዷ ቦያችን አጠገብ አፍንጫዋን ሸፍና፣ ጣቷን ወደ ሰማይ አንስታ ፎቶ ተነሳች፤ ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ጣለችው። ጓንቱ ሞራ ጠጥቶ አበጠ። ጣቶቹ ወደ ላይ ቆመው እንደ ሬሳ እጅ ሰነበተ። ሰገል በር ስትከፍት የሚቀበላት እሱ ነው።

ከዚያ ባነሩ መጣ። ማኅበሩ ለደቻቱ ያሰናዳው ትልቅ በዓል ሊደርስ ሲል ከመጋዘኑ ግድግዳ እስከ ኤሌክትሪክ ምሰሶው ወጠሩት። ባነር እንደ ፊልም አይሮጥም። ከሥሩ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

«ደቻቱ አርግዛለች! ተስፋን ትወልዳለች!» ይላል። ከታች በትንሹ «ድጋፍ ያደረጉ፦ ዐብዲገኒ ቆዳ ንግድ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሶማሌኛ ለማያውቅ ልንገር። ኡር አጠር ተደርጎ ሲባል ሽታ ነው። ሳብ ተደርጎ ሲባል ፅንስ ነው። ሌላው ቃል አንድ ነው፤ ኡር አላት። ትሸታለች። ኡ—ር አላት። አርግዛለች። ካሴቱ አርጅቶ ተጎተተና ሽታችንን እርግዝና አደረገው። በሶማሌኛ አፉን የፈታ ሰው እንኳ ቢሰማው እርግዝና ነው የሚለው። የሰርግ ዘፈን ነው ሲባል ደግሞ መች ይጠረጠራል? ሰርጉና ሰልፉ ላይ የነበርነው ጥቂቶች ብቻ ነን የምናውቀው። እኛና ሙሽራው። ሙሽራው ደግሞ ካኔቴራ አሳተመበት።

ለሰገል ስነግራት መርፌዋን ጆንያው ላይ ተክላ አየችኝ።

«ምን አረገች?»

«አረገዘች።»

«ማን?»

«ደቻቱ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀፊራ ሙሉ ዞሮ እስኪያያት ሳቀች። «ያ አላህ! በስተርጅናዋ! አባቱስ ማነው አሉ? ዐብዲገኒ ነው?» ሳቋ ሳያልቅ ፊቷ ተለወጠ። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ የበሰበሰ ነገር ነክሳ መትፋት ያቃታት ትመስላለች። «ግማቱን ከአፌ ወስዶ ሽቶ አደረገው» አለች። «ልጄ በዚህ ሽታ ምክንያት በሰው ቤት ልትወልድ ነው፣ እሱ በኔ ድምፅ አርግዛለች ይላል። አቅለሸለሸኝ ትርንጎ። ወላሂ ከቦዩ በላይ ይሄ አቅለሸለሸኝ።»

ኑርሀን መጥታ በበዓሉ ላይ እንድትዘፍን ስትለምናት እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። «እሺ» አለች። ለእኔ ደግሞ «ያሉንን ጆንያዎች በሙሉ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ለምን አልጠየቅኳትም፤ ገዢ ያገኘች መሰለኝ።

በዓሉ አሸዋው ላይ ነበር፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ወንበር። ወጣቱ ችግኝ ሊተክል አካፋ ይዟል። ዐብዲገኒ አንድ የክብር እንግዳ ጎን ተቀምጧል፣ ዕጣን ይሁን ሽቶ ብቻ አጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ያስነጥሳል። ነፋሱ ከቦዩ በኩል ሲመጣ እንግዳው መሐረቡን ያወጣል፣ ዐብዲገኒ ወሬ ያበዛል።

ሰገል ከበሮዋን ይዛ ወጣች። ድምፅ ማጉያውን ገፋችው። ከኋላዋ ከድሮዎቹ ተቀባዮች የቀረነው ቆምን፤ አራት አሮጊት። ሰገል ጀመረች።

ሙሽራው ሽቶ ተቀባ…

ዐብዲገኒ ከወንበሩ ቀና አለ።

አዝማቹ ላይ ስትደርስ ቃሉን በከበሮ ምት ቆረጠችው። ኡር! ዷ! አንድ ምት፣ አንድ ቃል። እኛም ሻሻችንን አፍንጫችን ላይ ይዘን ተቀበልን። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ባልቴት ሳቀች። ሌላዋ ሳቀች። ሶማሌኛ የሚያውቁት እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። «ኡር ነው እንዴ?» «ኡር ነው!» «ትሸታለች ነው የምትለው!» ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። አንዱ ሻሽ ስላልነበረው ካኔቴራውን አንስቶ አፍንጫው ላይ ያዘ፣ ሆዱ ወጣ።

ኑርሀን ግራ ገባት። ድምፅ ማጉያውን ይዛ ወደ ሰገል ሮጠች። «ኤዶ፣ ነፍሰ ጡር ማለት አይደለም እንዴ?»

«ነፍሰ ጡሯ ልጄ ናት» አለች ሰገል። ድምፅዋ አሸዋውን ሞላው። «እናቷ ቤት ልትወልድ መጥታ ነበር። ከዚያ ቀዳዳ የሚወጣው አስመለሳትና ተመለሰች። ደቻቱ አላረገዘችም። ገማች! ያገማት ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል፣ ካኔቴራችሁንም እሱ ነው የገዛላችሁ።»

«ይበቃል!» ዐብዲገኒ ተነሳ። «ይህቺ ሴት ዱሮም ሰርጌን ያበላሸች ናት! የሰው በዓል ማበላሸት ልማዷ ነው!»

«ተቀመጥ አንተ ሙሽራ!» አለች አንዷ አሮጊታችን። ሰው ሁሉ አጓራ።

ኑርሀን ከመድረኩ ወርዳ ወደ ቦዩ ሄደች። ስንት ጊዜ አጠገቡ ፎቶ ተነስታለች፣ ጎንበስ ብላ ግን አላየችውም ነበር። አሁን ጎንበስ አለች። ትሉን አየች፣ ያን ጓንት አየች፣ ቦዩን ተከትላ የሰገልን በር አየች። ከዚያ ዓሻ ያስመለሰችበት ግድግዳ ላይ አስመለሰች። አፏን በካኔቴራዋ ጠርጋ ተመለሰች፤ ደረቷ ላይ «አርግዛለች» የሚለው ተበላሽቷል።

«ምን እናድርግ?» አለች። ለሰገል ነው።

ሰገል ወደ እኔ ዞረች። «ጆንያው የታለ?»

ያኔ ገባኝ። ሰው ሁሉ አካፋ ይዟል፣ እግራችን ሥር አሸዋ ነው። ልጆቹ መሙላት ጀመሩ። ሰገልና እኔ የጆንያውን አፍ እየሰፋን እናቀብላለን፣ እነሱ እየተቀባበሉ ቀዳዳው አፍ ላይ ይደረድራሉ። ጆንያው አልበቃ አለ። ኑርሀን ባነሩን ከምሰሶው አስወረደችና «ይሄ አይሆንም?» አለች። ሰገል በቢላ ቆረጠችው፣ አጥፈን ሰፋነው። ከሁሉም ከላይ የተቀመጠው ጆንያ አሸዋ ጠግቦ ሆዱ ተነፍቶ፣ እሆዱ ላይ «አርግዛለች» ይላል። ሰገል ምን እንደሚል ጠይቃኝ ስነግራት መታ መታ አደረገችው። «አሁን እውነት ሆነ» አለች።

የክብር እንግዳው መቼ እንደሄደ ያየ የለም።

የተዘጋ ነገር ወደ ኋላ ይሄዳል። ፍሳሹ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ተጠራቀመ። ልጆቹ በየተራ ጆንያዎቹ ላይ እየተቀመጡ ጠበቁ። ጆንያውን አንሡ የሚል ትእዛዝ ይዘው የመጡ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ቆሙ፣ አዩ፣ ተመካከሩ፣ ሄዱ። በመጨረሻ ዐብዲገኒ ራሱ በር ከፍቶ ወጣ። ግቢውን አቋርጦ ሲመጣ ጫማው በፍሳሹ ጨቅ ጨቅ ይላል፣ የሱሪው እግር ጨው ጠጥቶ ነጥቷል።

«ሰገል፣ ክፈቺልኝ። ወድጄ አይደለም፣ ሥራ ነው። ቆዳዬ ሊበሰብስ ነው።»

«ሽቶህ የታለ ሙሽራ?»

ከዚያ በጎረቤት ፊት ቃል ገባ፤ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ፍሳሹን ቦቴ መኪና እየመጠጠ ይወስደዋል። አደረገውም። ግንበኛ መጣ፣ ደፈነው። ልጆቹ ቦዩን ጠርገው አሸዋ አለበሱት። ጓንቱን ኑርሀን ናት በእንጨት ያወጣችው፤ ፎቶ አልተነሳችም።

ሰገል እንደገና ኖራ አስቀባች። ዓሻ ልትወልድ ጥቂት ነው የቀራት። ሰገል ቀን በቀን በሯ ላይ ቆማ ታሸታለች፣ ቀፊራም ሆነን «ሄደሽ አሽቺልኝ፣ የኔ አፍንጫ ታማኝ አይደለም» ትለኛለች። ለዓሻ ስልክ ደወለች፣ ዓሻ ግን «ሆዮ እናያለን» እያለች አዘገየች። እንዳታፍር ይሁን እንዳታስመልስ እንጃ።

ድንገት አንድ ቀን ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ዓሻ ሆዷን ይዛ ወረደች። በሩ ላይ ቆማ አሸተተች፤ ሰገልና እኔ ትንፋሻችንን ይዘን አፍንጫዋን እናያለን።

«ትንሽ አለ» አለች። «ደህና ነው ግን።» እና ገባች። ሰገል እልል ልትል አፏን ስትከፍት ዓሻ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ጨረሰችው። «መልካ ጀብዱማ አልተቻለም። ከቤታችን በታች ያለው ገደል ውስጥ ቦቴ መኪና እየመጣ ቆሻሻ ይደፋል። ሞራ፣ ፀጉር። የዚህኛው ሽታ ራሱ ነው ሆዮ። አማቴ እንኳ መብላት አቆመች።»

እልልታው ከሰገል አፍ አልወጣም። የፈለገችው ሆነላት፤ ልጇ ቤቷ ገባች። የገባችው ግን ሽታችን ተከትሏት ሄዶ ስላባረራት ነው። ሰገል ደጅ ወጥታ ከድፍኑ ቀዳዳ ፊት ቆመች። ምራቋን ሰበሰበች፣ የምትተፋበት ቦይ ግን የለም። ዋጠችው። እኔንም አንገሸገሸኝ። ግማት ከኛ በር ተነስቶ የሰው በር ሲቀመጥ እኛ ኖራ ቀብተን ቆይተናል።

ኑርሀንን አስጠራቻት። ልጆቹ ወሬውን ሰምተው መልካ ጀብዱ ሄደው ቦቴውን ለማስቆም መኪና እየፈለጉ ነበር። ሰገል ልጇን ጥላ አትሄድም፣ አርባ ቀን ከዚህ ቤት አትወጣም። ከበሮውን ከምስማሩ አወረደችና እዚያ እንድትዘፍንበት ኑርሀንን አስታቀፈቻት። ዓሻ በመጋረጃው ውስጥ ታቃስታለች፣ ጀምሯታል፤ አዋላጇ መጥታለች። ሰገል አንድ ጆሮዋ መጋረጃው ጋ ነው።

«በይ በይው» አለች።

ኑርሀን መታች። «ደቻቱ ኡ—ር…»

«አሳጥሪው።»

«ኡ—ር…»

«አሳጥሪው አልኩሽ! ካስረዘምሽው ታስረግዢያታለሽ፣ ለኔ ደግሞ አንዷ ትበቃኛለች።»

ከመጋረጃው ውስጥ ዓሻ በምጧ መሐል ሳቀች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ለመልካ ጀብዱ ጆንያ እሰፋለሁ።